ኦንላይን የጨረስኩትን ማን ይቀበለኛል?

አጎትየው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ቤት ክፍል ዕድሜያቸውን የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። የእህታቸው ልጅ ከአንድ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ የአካባቢው ባለጉዳይ ፎርም የሚያስሞላው፣ በኦንላይን የሚያመለክተው እሷ ዘንድ ነው። የመንግሥት አገልግሎት ወደ ስልክና ኮምፒውተር ሲገባ ሕዝቡ እንዲጠቀምበት ምን ይደረግ በሚለው ላይ ሁለቱ ያደረጉት ክርክር ይኸውና።

አጎት፦ ዛሬም በሬዲዮ ሰማሁት። «ኅብረተሰቡ አገልግሎቱን በኦንላይን እንዲያገኝ ጥሪ ቀረበ» ይላል። ሰው ግን አሁንም ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ወረፋ ሊይዝ ይወጣል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ከባለጉዳይ ጋር ነሽ። ለመሆኑ ምን ይሉሻል?

የእህት ልጅ፦ አልጠቀምም የሚል ሰው እምብዛም አያጋጥመኝም፣ ጋሼ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ይሄን እዚህ ከጨረስኩ ቢሮ መሄድ ይቀርልኛል ወይ?» ይሉኛል። ይቀርልዎታል ያልኩት ሰው ወዲያው ቁጭ ብሎ ያስሞላል። አይቀርም፣ ወረቀቱን ይዘው ይሄዳሉ ያልኩት ደግሞ «ታዲያ ሁለቴ ከምለፋ ቀጥታ ልሂዳ» ብሎ ይወጣል። ሰዉ ኮምፒውተር ፈርቶ የሚሸሽ ይመስላቸዋል እንጂ ድካሙን አስልቶ ነው።

አጎት፦ የትኛው ይቀራል፣ የትኛው አይቀርም? ሁሉም «ኦንላይን» ይባላል እኮ።

የእህት ልጅ፦ ይለያያል። የንግድ ፈቃድ እድሳትን ይውሰዱ። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ድሮ ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ቢሮ ደጃፍ ሲጋፋ ይውል ነበር። አሁን ግብሩን የጨረሰና መረጃው የተስተካከለለት ነጋዴ እኔ ዘንድ ወይም በራሱ ስልክ አድሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ፓስፖርት ሌላ ነው። ማመልከቻው፣ ክፍያውና ቀጠሮው በኦንላይን ያልቃል፤ አሻራና ፎቶ ለመስጠት ግን ባለቤቱ ራሱ መቅረብ አለበት። ይሄን ቀድሜ ስነግራቸው ማንም አይከፋውም። የሚከፋው «ሁሉም በኦንላይን አልቋል» ተብሎ ሄዶ መስኮቱ ላይ ሲደርስ እንደ አዲስ ሲጀመርበት ነው።

አጎት፦ እንዴት እንደ አዲስ?

የእህት ልጅ፦ የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። አንዲት እናት ማመልከቻቸውን እኔ ዘንድ አስሞሉ፣ በቴሌብር ከፈሉ፣ ደረሰኙን አትሜ ሰጠኋቸው። ቢሮ ሲደርሱ ሠራተኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ «ይሄማ ከኮምፒውተር የወጣ ነው፤ ማህተም የለውም» አለቻቸው። የከፈሉት ገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል፤ ማመልከቻቸው እዚያው ሠራተኛዋ ፊት ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። እሳቸው ግን ኮፒ አስደርገው፣ አዲስ ፎርም በእጅ ሞልተው እንዲመለሱ ተነገራቸው። እኚህ እናት ከእንግዲህ «በኦንላይን ጨርሺልኝ» ብለው የሚመጡ ይመስልዎታል? ጎረቤቶቻቸውስ?

አጎት፦ አይመጡም። ሠራተኛዋን ብቻ ግን አልወቅሳትም። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ። መዝገብ ቤት ያለ ሰው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ፋይል እንዳይጠፋበትና ማህተም የሌለው ወረቀት ፋይሉ ውስጥ እንዳይገኝበት። ኦዲተሩ «ይሄን በምን ማስረጃ ሰጣችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ የሚያድንሽ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ሠራተኛዋ ኮፒ አምጡ ስትል ራሷን እየጠበቀች ነው። «ከሲስተም የመጣውን ተቀበይ፤ ኦዲት ቢመጣ አንቺ አትጠየቂም» ብሎ በጽሑፍ የሰጣት አለቃ የለም።

የእህት ልጅ፦ ሕጉ እኮ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም ይላል። ከእሱም በፊት በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ወጥቷል።

አጎት፦ አዋጅ መውጣቱ ጥሩ ነው። መዝገብ ቤት ድረስ ወርዶ ሥራ የሚያሠራው ግን ሰርኩላር ነው። በእኔ ዕድሜ ስንት አዋጅ ወጥቶ ሰርኩላሩ ሳይደርሰን እንደ ድሮው ሠርተናል። ሕዝቡ ይጠቀም የሚለው ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት ለየመስኮቱ ሠራተኛ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይውጣ። የማመልከቻውን ቁጥር በሲስተሙ ፈልገህ ካገኘኸው ሌላ ወረቀት አትጠይቅ፤ የውስጥ ኦዲትም በሲስተሙ ያለውን እንደ ማስረጃ ይቀበላል፤ ይሄን ጥሶ ባለጉዳይ የመለሰ ይጠየቃል የሚል። አለቃው ይፈርምበት፣ ግልባጩ ለኦዲት ይሂድ። ጥሪ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ለሠራተኛው ነው። ባለጉዳዩማ ሲያልቅለት ካየ ማንም ሳይጠራው ይመጣል።

የእህት ልጅ፦ እርስዎ እንዲህ ሲሉ ስሰማ ይገርመኛል፤ ወረቀት የሚወዱ ይመስለኝ ነበር።

አጎት፦ ወረቀትን እወዳለሁ። የምወድበትን ምክንያት ልንገርሽ፣ ለእናንተም ሲስተም ይጠቅማል። ደብዳቤ ሲመጣ ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ወደ ማን እንደተመራ ይጻፋል። ባለጉዳዩ ያን ቁጥር ይዞ ከመጣ መዝገቡን ገልጬ «ማክሰኞ ዕለት ለሕግ ክፍል ወጥቷል፤ እዚያ ሄደህ ጠይቅ» እለዋለሁ። ጉዳዩ የት ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ያውቃል፣ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። የእናንተ ሲስተም ምንድነው የሚለው?

የእህት ልጅ፦ «በሂደት ላይ»።

አጎት፦ እኮ። የት ነው ሂደቱ? ማን ጋ? እስከ መቼ? ሰው በጨለማ አይጠብቅም፤ ተነሥቶ ይሄድና በአካል ይጠይቃል። ያኔ በኦንላይን የቀነሳችሁት ወረፋ በጥያቄ ወረፋ ይተካል።

የእህት ልጅ፦ እውነት ነው። አንዳንዶቹ አገልግሎቶች በየደረጃው በስልክ መልእክት ያሳውቃሉ፤ እነዚያን የሚጠቀም ሰው ተመልሶ አይመጣብኝም። መልእክት የማይልኩት ግን ባለጉዳዩን በየቀኑ ወደ እኔ ያመላልሱታል፤ «እስቲ ከፍተሽ እይልኝ» እያለ። አይቼ የምነግረው ያችኑ ቃል ነው። ይሄን ለማሻሻል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ አሁን ያለበትን ክፍል፣ በስንት የሥራ ቀን እንደሚያልቅ፣ ከዘገየ የሚደወልበትን ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው።

አጎት፦ ይሄ ከተሟላ ግን ሲስተሙ ከወረቀቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። «ፋይሉ አልተገኘም» የሚባል ነገር ታውቂያለሽ?

የእህት ልጅ፦ ማን የማያውቀው አለ!

አጎት፦ ፋይል በእውነት ይጠፋል፤ ቤቱ ይጠባል፣ መደርደሪያው ይሞላል፣ ቁጥሩ ይሳሳታል። ግን ለሻይ እስኪሰጥ ድረስ የሚጠፋ ፋይልም ነበር። ድሃው ሳምንት ሙሉ ተመላልሶ የሚያጣውን ፋይል ዘመድ ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ይዞት ሲወጣ አይቻለሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ማመልከቻ በሲስተም ሲገባ መቼ እንደገባ ይታያል፣ ማን እንደከፈተው ይታያል፣ ከኋላ የመጣው ከፊት ካለው ሲቀድም ይታያል። አየው የሚል አለቃ ካለ ማለቴ ነው። ለእኔ የኦንላይን አገልግሎት ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ አይደለም። ዘመድ የሌለው ሰው ተራውን አለመነጠቁ ነው።

የእህት ልጅ፦ እሱን ለሰዉ ብንነግረው ይሻላል፤ ማስታወቂያው ሁሉ «ፈጣንና ቀልጣፋ» ነው የሚለው። ሌላው የሚያስቸግረኝ ደግሞ ስምና ቀን ነው። ሰዉ በኦንላይን ተስፋ የሚቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አጎት፦ ስም ምን ሆነ?

የእህት ልጅ፦ ኃይሉ የሚባል ሰው የትምህርት ማስረጃው ላይ በኃ፣ መታወቂያው ላይ በሀ፣ ባንክ ቤት ደግሞ በሐ ተጽፎ ይመጣል። ለሰው ዓይን አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ጸሐፊ አንድ ፊደል ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። የአያት ስም አንዱ ቦታ አለ፣ ሌላው ቦታ የለም።

አጎት፦ በእኛ ጊዜ ጸሐፊው እንደሰማው ነበር የሚጽፈው። ሰዉም ሳያነበው አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

የእህት ልጅ፦ ዋጋው አሁን ነው የሚከፈለው። ቀኑን ደግሞ ይስሙ። መስከረም 5 ቀን 1975 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ፎርሙ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ሳያስተውል 1975 ብሎ ይሞላል። መሞላት የነበረበት ሴፕቴምበር 15 ቀን 1982 ነው። በአንድ ጠቅታ ሰባት ዓመት አረጀ። በኋላ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አልገጠመም ተብሎ ይመለሳል፤ ለማስተካከል ደግሞ ፍርድ ቤት ድረስ የሚሄድ አለ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ቀጠሮው ላይ 9፡00 ብሎ ሲታተም የፈረንጁ ዘጠኝ፣ ማለትም ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ነው፤ ሰውዬው ግን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ላይ ይሄዳል። ቀጠሮው አልፎታል። እኔ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ። ፎርሙን የሠሩት ሰዎች ከስሩ አንድ መስመር ጨምረው የእኛን ቀንና ሰዓት ቢያሳዩ ስንት ሰው ከመንከራተት ይድን ነበር።

አጎት፦ ፋይዳ የሚሉት ዲጂታል መታወቂያ ይሄን አያስተካክለውም? ሁሉንም ያስተሳስራል ሲባል እሰማለሁ።

የእህት ልጅ፦ ስሙን አይደለም፣ ሰውየውን ያስተካክላል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ሲመዘገቡ የአሥሩም ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቁጥር የአንድ ሰው ብቻ ነው። ስም በሀ ይጻፍ በኃ፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሰውየው አንድ ነው። ለዚህ ነው ብሔራዊ ባንክ ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ እንዲጠየቅ ያደረገው። ግን ምዝገባው ላይ ስሙ ተሳስቶ ከገባ ስሕተቱ በየመሥሪያ ቤቱ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ለሁሉም የምለው፣ መዝጋቢው ጨርሻለሁ ሲል ስክሪኑን አሳየኝ በሉት፤ ስማችሁን በአማርኛም በላቲንም፣ የልደት ቀናችሁንም አንብቡ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነውን አንባቢ ይዞ ይሂድ። ከመነሣት በፊት የምታልፍ አንዲት ደቂቃ ናት።

አጎት፦ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ እንዳትቀየሚኝ።

የእህት ልጅ፦ ይምጡ።

አጎት፦ አንዳንድ ጽሕፈት ቤት ሰው ኢሜይል የለኝም ሲል ባለቤቱ ራሱ ይከፍትለታል፤ የራሱን ስልክ ያስገባል፣ የይለፍ ቃሉን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የሰው ጉዳይ በሙሉ በዚያ ደብተር ላይ ነው። የመዝገብ ቤት ቁልፍ በግለሰብ ኪስ ገባ ማለት አይደለም እንዴ?

የእህት ልጅ፦ በትክክል ነው፣ ጋሼ፤ በሙያችን ውስጥ ትልቁ ችግር እሱ ነው። የማረጋገጫ ኮድ በስልክ መልእክት ይመጣል። የተመዘገበው ቁጥር የጽሕፈት ቤቱ ከሆነ ባለጉዳዩ ያለዚያ ሰው አንድ እርምጃ አይሄድም። ሱቁ ቢዘጋስ? ሰውዬው ክፉ ቢሆንስ? እኔ የምሠራው በራሳቸው ቁጥር ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ይጽፉታል፤ ኮዱ ሲመጣ ራሳቸው ያስገቡታል። ጣታቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ቢሆኑ እንኳ እጠብቃቸዋለሁ። ደውሎ «ከመሥሪያ ቤቱ ነው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» የሚል ሌባ መሆኑንም እግረ መንገዴን እነግራቸዋለሁ። ሌላም አለ። ሰዉ መታወቂያውን በቴሌግራም ይልክልናል፤ ታትሞ ካለቀ በኋላ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። በየጽሕፈት ቤቱ ዴስክቶፕ ላይ የስንት ሰው መታወቂያና ፓስፖርት እንደተከማቸ ቢያዩ ይደነግጣሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የእኛ ዓይነት ቤት ግን ምን ማጥፋት፣ ምን ማስቀመጥ እንዳለበት መጥቶ ያስተማረው የለም።

አጎት፦ እንግዲያው ሰዉ ከእናንተ ተላቆ ራሱ በስልኩ ይሥራ አይሻልም?

የእህት ልጅ፦ የሚችለው ይሥራ። የማይችለውስ? በአንድ ቤት አንድ ስልክ ብቻ ያለበት ብዙ ነው፤ እሱም በአባት ወይም በልጅ እጅ ነው። እናትየው ኮድ ይመጣልሻል ስትባል የሚመጣው ሥራ ላይ ላለው ልጇ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ስማርት ስልክ የሌለውም ሰው *127# ብሎ እንዲጠቀም አድርጓል፤ አብዛኛው የመንግሥት ማመልከቻ ግን ስማርት ስልክና ዳታ ይፈልጋል። ሩዋንዳ ውስጥ ኢሬምቦ የሚባለው የመንግሥት አገልግሎት መስኮት በእኛ አቆጣጠር በ2007 ሲከፈት ሰውን ብቻውን ከስክሪን ጋር አልተዉትም። በየመንደሩ ወኪሎች አሉ፤ ሰው ሄዶ ያሠራል፣ ይከፍላል። እዚህም እንደኔ ያለውን ቤት መዝግቡት፣ አሠልጥኑት፣ የአገልግሎት ዋጋውን በር ላይ አስለጥፉት፣ ደረሰኝ ያስቆርጥ፣ የሰው መረጃ ይዞ ከተገኘ ፈቃዱ ይነጠቅ። አለን እኮ፤ በየወረዳው በር ላይ ተሰልፈናል።

አጎት፦ ዋጋ ማስከፈሉ አይዋጥልኝም። መንግሥት በነፃ ሊሰጠው የሚገባውን በእናንተ በኩል አስከፈለ ይባላል።

የእህት ልጅ፦ በነፃ የሚረዳ ሰው ወረዳው ውስጥም ይቀመጥ። ሰው ይምረጥ።

አጎት፦ በሚያዝያ 2017 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተሻለ መስሎኛል። የብዙ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ የሚያናግርሽ ሰው አለ፣ ሥራው ደግሞ በሲስተም ነው። ሰው ፊት ይፈልጋል። ልጅ የወለደች ሴት ምዝገባው በ90 ቀን ውስጥ መሆኑን ሳታውቅ ዘግይታ ብትመጣ ደግ ሠራተኛ አስቀምጦ ያስረዳታል፤ ምን እንደሚጎድላት ይነግራታል። ስክሪኑ «አልተሟላም» ብሎ በቀይ ይጽፍባታል። እናትየው ያጠፋች መስሏት ትሄዳለች፤ ልጁም ሳይመዘገብ ያድጋል።

የእህት ልጅ፦ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የሚከለክል ጽሑፍ ሁሉ ከስሩ ቀጥሎ የሚደረገውን ቢናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአፋርኛም። ነገር ግን እነዚያ ማዕከላት እስኪስፋፉ ገጠር ያለው ሰው ከተማ ድረስ መምጣት አለበት። ስልክ ግን ቀድሞት ደርሷል።

አጎት፦ ኔትዎርክ ሲኖር። መብራት ሲኖር። አሁን እኮ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል «ፋይሉ አልተገኘም» የሚለውን ተክቶታል። ሰው ከአርባ ኪሎ ሜትር መጥቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ ማን ይጠየቃል? ለዚህ ነው የወረቀቱ መስኮት መዘጋት የለበትም የምለው። ሲስተም ሲጠፋ ማመልከቻውን በወረቀት ይቀበሉት፣ ቁጥር ይስጡት፣ ሲመለስ ራሳቸው ያስገቡለት።

የእህት ልጅ፦ ወረቀቱ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ለምን ሲስተሙን ይለምዳል? ነዳጅን ያስታውሱ። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ላይ፣ በግንቦት ደግሞ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ ሲሆን ሰዉ ሁሉ አይቻልም ብሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰልፉ ረጅም ነበር። አሁን የታክሲ ሹፌር ሁሉ በስልኩ ይከፍላል።

አጎት፦ የተቻለው ግዴታ ስለሆነ ብቻ ነው? ሹፌሩ ሲከፍል ቀጂው ስልኩ ላይ አይቶ ወዲያው ይቀዳለታል። በኋላ «የከፈልክበትን ማህተም አምጣ» አላለውም። ያንቺ ባለጉዳይም ከፍሎ ወዲያው ቢቀዳለት ኖሮ ማስገደድ ባላስፈለገ ነበር።

የእህት ልጅ፦ እሺ፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ቢያንስ ቀላሎቹ ቀን ይቆረጥላቸው። እድሳት፣ ክፍያ፣ ቀጠሮ፤ እነዚህ ሙሉ በሙሉ የሚያልቁ ናቸው። ለማይችለው የሚረዳው ሰው መስኮቱ ጋ ቆሞ በዚያው ሲስተም ይሥራለት እንጂ ሌላ የወረቀት መንገድ አይከፈት።

አጎት፦ ሰው ይቆምለት ካልሽ፣ ለቀላሎቹ ብቻ ካልሽ፣ ሲስተም ሲጠፋ ወረቀት ይሠራል ካልሽ ልሰማሽ እችላለሁ። መሬትና ውርስ ውስጥ ግን እንዳትገቢብኝ።

የእህት ልጅ፦ አልገባም። እንዲያውም ሰው መረጃውን አንዴ ከሰጠ መሥሪያ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ እንጂ ሰውየውን አያመላልሱት። ኢስቶኒያ የምትባለው ትንሽ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ መሥሪያ ቤቶቿን ኤክስ ሮድ በሚባል መስመር አገናኝታ የሠራችው ይሄን ነው፤ ዜጋው አንዴ የሰጠውን ሌላው መሥሪያ ቤት ድጋሚ አይጠይቀውም። እኛ ዘንድ ባለጉዳዩ ራሱ ነው መስመሩ፤ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ሸኚ ደብዳቤ ተሸክሞ ወደ ሌላው የሚሮጠው።

አጎት፦ ዓረብ አገር ያሉት ልጆችስ? እነሱን የሚያስብ አለ?

የእህት ልጅ፦ እነሱ ናቸው ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የዕረፍት ቀን የላትም፤ ኤምባሲው ሌላ ከተማ ነው። ፓስፖርቷ ሊያልቅ ሲል እናቷ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ልጅቷ በኢሞ ደውላ ፎቶና መረጃ ትልካለች፣ እኛ እዚህ ተሰብስበን እንሞላለን። ለእሷ ማመልከቻና ክፍያው ከስልኳ ላይ ካለቀ አሠሪዋን ፈቃድ የምትለምንበት ቀን አንድ ቀነሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ አንዴ ተሳክቶለት ካየ ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። ከሬዲዮው ይልቅ ሰውን ወደ እኔ ያመጡት እነሱ ናቸው።

አጎት፦ እንግዲያው እድሩ ላይ ነው መነገር ያለበት። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩን ጊዜ እጠይቅልሻለሁ። ግን ንግግር አታድርጊ። ስልክሽን ይዘሽ ነይና የአንዱን አባል ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ጨርሺው።

የእህት ልጅ፦ የሚያልቅ ጉዳይ ያለውን ሰው ቀድሜ እመርጣለሁ። የማያልቁትንም አልደብቅም፤ የትኛው ድረስ ሄዶ የት እንደሚቆም ዘርዝሬ እነግራቸዋለሁ።

አጎት፦ የሚቆሙበትን ዝርዝር ለእኔ ስጪኝ። የየመሥሪያ ቤቱን ለየብቻ አድርጌ፣ ማህተም የሚጠየቅበትን፣ ኮፒ የሚጠየቅበትን፣ «በሂደት ላይ» ብሎ የሚቀረውን እጽፋለሁ። እድሩ ፈርሞበት ለክፍለ ከተማው አስገባለሁ። ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር አስይዤ ነው የምመለሰው።

የእህት ልጅ፦ የቅሬታ ማቅረቢያው እኮ በኦንላይንም አለ፣ ጋሼ።

አጎት፦ ቁጥር ይሰጠኛል?

የእህት ልጅ፦ ይሰጥዎታል። በራስዎ ስልክ ነው የማስመዘግብዎት።

አጎት፦ እንግዲያው በሁለቱም አስገባለሁ። ቀኑን ጻፊልኝ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚመልስ እናያለን።